በፍጥነት ተፎካክረው በጭስ የተስማሙ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ መኪና ነው። ስለ ምርጫና ስለ ፓርላማ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስለ መኪና ምን አገባው የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን መኪናም የአንድ ሥርዓት ልጅ ነው፤ የወላጁን ጠባይ ከልጁ መልክ ማንበብ ይቻላልና እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጀርመን ሀገር ለዶክትሬት ትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ የማውቀው የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ከሙኒክ ወደ ሊንዳው በሚወስደው ኤ 96 አውራ ጎዳና ላይ አሳፍሮኝ ነበር። መኪናው ከውጭ ሲያዩት ጨዋ፣ ዝምተኛ የቤት አውቶሞቢል ነው። የፍጥነት ገደብ የሌለበት የመንገዱ ክፍል ላይ ስንደርስ ግን ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፤ የፍጥነት መቁጠሪያው 240ን አለፈ። የያዝኩት ቡና አልተንቀጠቀጠም፤ ንግግራችንም አልተቋረጠም። ቡኽሎ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ስናልፍ በአገጩ እያመለከተ «ይህ መኪና የተሠራው እዚህ ነው» አለኝ። ቀጥሎም እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣ ነገር ተናገረ፤ «ናፍጣ ነው እኮ፤ ለኪስም ለአካባቢም ይቆጥባል።»

በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር እየበረረ ስለ ቁጠባ የሚሰብክ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ሰውዬው አለመዋሸቱ ነው። ሕጉ በሚለካበት መለኪያ ከተለካ በእርግጥም ቆጣቢ ነበር። የዛሬው ጽሑፌ ሙግትም ይኸው ነው፤ ይህን መኪና የወለደው የጀርመን መሐንዲስ ብልሃት ብቻ አይደለም፣ የተሳሳተ ነገር የለካ ሕግም ነው።

በመጀመሪያ ለመኪናው ተገቢውን ክብር ልስጥ። ቡኽሎ የአልፒና ቤት ናት። ቡርካርድ ቦቨንዚፐን በ1965 የመሠረተው ይህ አነስተኛ ድርጅት የቢኤምደብልዩን አውቶሞቢሎች እየወሰደ ሞተራቸውንና እግራቸውን እንደገና እያበጀ ሲሸጥ የኖረ ነው፤ የንግድ ስሙን ለመግዛት ቢኤምደብልዩ የተስማማው በ2022 ነው። አልፒና በ1999 ዲ10 ባይተርቦ የተባለውን አውቶሞቢል ሲያሳይ ለብዙ ሰው የናፍጣ መኪና ማለት ገና የሚንኳኳና ጥቁር ጭስ የሚተፋ ነገር ነበር። መነሻው የሆነው ባለ ሦስት ሊትር የቢኤምደብልዩ ሞተር 184 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አልፒና ሁለት ተርቦ አስገጥሞ 245 አደረሰው፤ መኪናውም በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠ። በ2017 የመጣው ዲ5 ኤስ ደግሞ ሦስት ተርቦ፣ 388 የፈረስ ጉልበትና 286 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፍጥነት ነበረው። ያውም ከባለ ሦስት ሊትር ሞተር!

ይህ እንዴት ተቻለ? የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን እስኪግል ድረስ ይጨምቀዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይነድዳል። ብዙ አየር በትርፍነት ስለሚያስገባና አጥብቆ ስለሚጨምቅ ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ነዳጅ ይፈልጋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የናፍጣውን መጠን፣ የሚረጭበትን ቅጽበትና የተርቦውን ግፊት በኮምፒውተር ማዘዝ ተለመደ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ከብረት የተሠራ፣ በቁጥር የሚታዘዝ ፍጡር ሆነ። ቁጥሩን ብትለውጡ ጉልበቱ ይለወጣል። እንደ አልፒና ያለ ቤት ቁጥሩን ሲለውጥ ማቀዝቀዣውንም፣ ማርሹንም፣ ፍሬኑንም አብሮ ይለውጣል፤ የመንደር ጋራዥ ግን ላፕቶፑን ሰክቶ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ይሸኛችኋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በቁጥር የሚታዘዝ ነገር በቁጥር ሊዋሽም ይችላል።

የሞተሩ አባት ግን ሌላ ነገር ነበር ያለመው። ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በ1897 ለፍሬ ያበቃው ከቡኽሎ ብዙ በማይርቀው በአውግስቡርግ ከተማ ነው። ትልቁ ፋብሪካ በእንፋሎት ሞተሩ ትንሹን ባለ እጅ እየዋጠው በነበረበት ዘመን፣ ዲዝል ሸማኔውም አናጺውም በየደጃቸው የሚያቆሙት ቆጣቢ ሞተር ተመኝቶ ነበር። በ1903 ሶሊዳሪስሙስ የተሰኘ መጽሐፍ ጽፎ የሠራተኞችን የጋራ ኢኮኖሚ እስከ ማቀድ ደርሷል። መጽሐፉን የሰማው ጥቂት ነው። ሞተሩ ግን በመርከቡ፣ በትራክተሩ፣ በጭነት መኪናውና በታክሲው ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት የሥራ ሰው ሞተር ሆኖ ኖረ። ናፍጣ ላብ ላብ የሚሸት ነዳጅ ነበር።

መንግሥታትም ይህንኑ የላብ ሽታ ምክንያት አድርገው ነው ለናፍጣ ልዩ መብት የሰጡት። በጀርመን ከ2003 ወዲህ በተሠራበት መደበኛ ተመን ከአንድ ሊትር ቤንዚን 65.45 የዩሮ ሳንቲም የነዳጅ ታክስ ሲሰበሰብ፣ ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚሰበሰበው 47.04 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ 18.41 ሳንቲም ነው። የተሰጠው ምክንያት የጭነት ማመላለሻውን ሸክም ማቅለል ነው። ማደያው ግን ቧንቧውን ሲከፍት የጭነት መኪና ይሁን የሥራ አስኪያጅ አውቶሞቢል አይጠይቅም።

«የናፍጣ መኪና በዓመታዊው የተሽከርካሪ ግብር ይካካሳል» ይሉናል። እስቲ እናስላው። ከጁላይ 2009 ጀምሮ በተመዘገቡ መኪኖች ላይ በሞተሩ ስፋት በየ100 ሲሲው ቤንዚን 2 ዩሮ፣ ናፍጣ 9.50 ዩሮ በዓመት ይከፍላል። ለሦስት ሊትር ሞተር ልዩነቱ 225 ዩሮ ነው። ይህን 225 ዩሮ በ18.41 ሳንቲም ብናካፍለው 1,222 ሊትር ይመጣል። በ100 ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር የሚጠጣ መኪና ይህን ያህል ናፍጣ ለመጨረስ ወደ 17,500 ኪሎ ሜትር መሮጥ አለበት። እንግዲህ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስ አሮጊት የናፍጣ መኪና ብትገዛ ትከስራለች፤ ከ17,500 በላይ የሚሮጥ ግን በየኪሎ ሜትሩ ያተርፋል። ቆጣቢ ተብሎ የተሸለመው አብዝቶ የሚሮጠው ነው።

በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤት መኪና የሚባለውን ጨምሩበት። በጀርመን ሕግ ሠራተኛው ከኩባንያው የተሰጠውን መኪና ለግል ጉዳዩ ሲጠቀም፣ በተለመደው ስሌት በየወሩ የመኪናው የዝርዝር ዋጋ 1 በመቶ እንደ ገቢ ተቆጥሮበት ግብር ይከፍላል። መቶ ኪሎ ሜትር ነዳ አሥር ሺሕ፣ ስሌቱ ያው ነው። የነዳጁን ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያው ይከፍላል። ያ ወዳጄ በ240 ሲበር ከኪሱ የሚወጣ ሳንቲም አልነበረም። ታዲያ የቆጠበው የማንን ኪስ ነው?

ስለ አካባቢው ደግሞ እንመልከት። የአውሮፓ መኪና አምራቾች በ1998 ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር በፈቃደኝነት በገቡት ስምምነት የአዲስ መኪኖቻቸውን አማካይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት እስከ 2008 በኪሎ ሜትር ወደ 140 ግራም ለማውረድ ቃል ገቡ። ናፍጣ ለዚህ ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ያነሰ ነዳጅ ይፈልጋልና። ነገር ግን አየርን አግሎ የሚጨምቅ ሞተር የናይትሮጅን ኦክሳይዶች የተባሉትን፣ ሳንባ የሚያቆስሉ ጋዞች በብዛት ያመነጫል። አውሮፓም ይህን አሳምራ ታውቅ ነበር። በ2000 ሥራ ላይ የዋለው ዩሮ 3 የተሰኘው ደንብ ለቤንዚን መኪና በኪሎ ሜትር 0.15 ግራም ሲፈቅድ ለናፍጣ 0.50 ግራም ፈቀደ። በ2009 የመጣው ዩሮ 5 ለቤንዚን 0.06፣ ለናፍጣ 0.18 አለ፤ ድፍን ሦስት እጥፍ! በመንገድ ዳር የሚተነፍስ ሕፃን ሳንባ ግን ጋዙ ከቤንዚን ይምጣ ከናፍጣ አይለይም። በአሜሪካ ሁለቱም ነዳጆች በአንድ ገደብ ይዳኙ ነበር፤ ገመናው የተገለጠው በዚያ መሆኑ ስለዚህ አጋጣሚ አይደለም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመለኪያ መሣሪያቸውን በመኪናው ጀርባ ጭነው መንገድ ወጡ፤ በ2014 ይፋ ያደረጉት ውጤት ሁለት የቮልስዋገን መኪኖች ከገደቡ ብዙ እጥፍ እንደሚያልፉ አሳየ። አብሮ የተለካው የቢኤምደብልዩ ናፍጣ በአብዛኛው በገደቡ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ማጽዳት ይቻል ነበር ማለት ነው! በሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ክሱን ይፋ አደረገ፤ ቮልስዋገንም ሶፍትዌሩ በዓለም ዙሪያ በ11 ሚሊዮን መኪኖች ውስጥ እንዳለ አመነ።

ለዛሬው ርዕሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአውዲ ኤ8 ጉዳይ ነው፤ የሚኒስትሮችና የባለጸጎች የናፍጣ አውቶሞቢል። በጁን 2017 የጀርመን ትራንስፖርት ሚኒስትር አሌክሳንደር ዶብሪንት እንዳስታወቁት፣ 24,000 በሚሆኑ ኤ7 እና ኤ8 መኪኖች ውስጥ መሪው ከ15 ዲግሪ በላይ ሲዞር ልቀቱ ከገደቡ እስከ ሁለት እጥፍ ይደርስ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በመመርመሪያው ጣቢያ መኪናው በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ ጎማው ይዞራል እንጂ መሪው አይዞርም። መሪው ከዞረ ሰው እየነዳው ነው ማለት ነው። እንግዲህ መኪናው መርማሪ ፊት መቆሙን ያውቅ ነበር፤ መርማሪው ፊት ይጾማል፣ ከደጅ ሲወጣ ይገድፋል። በኦክቶበር 2018 አውዲ 800 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተቃዋሚ ይነሣብኛል። አንደኛው «የጥቂት መሐንዲሶች ጥፋት ነው፤ ሥርዓቱን አትውቀስ» የሚለው ነው። የቮልስዋገን የአሜሪካ ኃላፊ ሚካኤል ሆርንም በኦክቶበር 2015 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ነገሩ የኩባንያ ውሳኔ ሳይሆን የጥቂት የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ሞክረው ነበር። ለዚህ መልሱ የመጣው በጁላይ 2021 ነው። ናፍጣን ለማጽዳት ዋናው ዘዴ ወደ ጭሱ የዩሪያ ውሁድ መርጨት ነው፤ ገበሬያችን በማሳው የሚነሰንሰው ያው ዩሪያ መሆኑ ነው። ብዙ የረጨ ብዙ ያጸዳል፤ ለዚህም በቂ ታንክ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኮሚሽን እንደ ደረሰበት ዳይምለር፣ ቢኤምደብልዩና የቮልስዋገን ቡድን ከ2009 እስከ 2014 በየስብሰባው ተገናኝተው ስለ ታንኩ መጠንና ስለሚረጨው ዩሪያ ይነጋገሩ ነበር፤ ሕጉ ከሚጠይቀው አልፎ በማጽዳት እንዳይወዳደሩም ተግባብተው ነበር። ቢኤምደብልዩና ቮልስዋገን በድምሩ 875 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጡ፤ ዳይምለር ምሥጢሩን ያወጣ በመሆኑ ከቅጣቱ ነጻ ወጣ። ልብ በሉ፤ የዚህ ቅጣት ምክንያት የማጭበርበሪያው ሶፍትዌር አልነበረም። ጥፋታቸው የተሻለ ለማጽዳት እየቻሉ ላለመፎካከር መስማማታቸው ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገሬ ሰው። እዚህ ድሩ ያበረው ሕጉን ለማሰር ነው። በፍጥነት ግን አላበሩም! ማን በ250 ይሮጣል፣ ማን ሦስተኛ ተርቦ ይጨምራል የሚለው ውድድር ሌት ተቀን ክፍት ነበር። ገዢው ፍጥነቱን በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ጭሱ ደግሞ ከኋላው ይቀራል። የነጻ ገበያ ሰባኪዎች ለዚህ መልስ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «ምቀኝነት ነው፤ ሰው በገንዘቡ ቢሮጥ ምን ቸገረህ» የሚል ነው። እርግጥ ነው፤ ያ መኪና ደስ ይላል። አልዋሽም፤ በዚያ ጉዞ ላይ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። በአልፒና ቤት ላይም የማቀርበው ክስ የለኝም፤ የተሰጠውን ሕግ ተቀብሎ የሚያምር ሥራ የሠራ ባለ እጅ ነው። ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ነዳጅ መፍጀቱም ሐሰት አይደለም። ክሴ ሌላ ነው፤ ሰውዬው የሮጠው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም። በሌላው ሰው ሳንባና በሌላው ሰው ግብር ጭምር ነው የሮጠው።

ጭሱ ማን ላይ አረፈ? ዩሮ 3 እና ዩሮ 5 ያልኳቸው ደንቦች በጊዜው የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችው ብሪታንያም ይሠሩ ነበርና አንድ ምስክር ከለንደን ልጥራ። ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ መኪና በሚበዛበት ሳውዝ ሰርኩላር መንገድ አጠገብ ትኖር ነበር። በአስም ስትሰቃይ ቆይታ በ2013 በዘጠኝ ዓመቷ ዐረፈች። በዲሴምበር 2020 የሞቷን ምክንያት የመረመረው ዳኛ የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ፤ በብሪታንያ በአንድ ሰው የሞት ምክንያት ውስጥ የአየር ብክለት ሲጻፍ ያ የመጀመሪያው ነው። ዋነኛው የብክለቱ ምንጭ የመኪና ጭስ መሆኑም ተገልጿል። ያን አየር የበከለው የባለጸጋ አውቶሞቢል ብቻ ነው አልልም፤ አውቶቡሱም የዕቃ መኪናውም ነበሩበት። ነገር ግን አውቶቡሱ ሌላ ሰባ ሰው ተሸክሟል። ባለ ሦስት ተርቦው አውቶሞቢል የተሸከመው ምን ነበር?

ዕዳውስ ማን ላይ አረፈ? በፌብሩዋሪ 2018 የጀርመን ፌዴራላዊ አስተዳደር ፍርድ ቤት በላይፕሲግ ከተሞች የናፍጣ መኪኖችን ማገድ እንደሚችሉ ወሰነ። ሽቱትጋርት ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ዩሮ 4 እና ከዚያ በታች የሆኑትን ከለከለች። ዩሮ 4 የሚነዳ ማን ነው? ያገለገለ መኪና የገዛው ነርስ፣ ባለ እጅ፣ ስደተኛ ነው። የኩባንያ መኪናውን በየሦስት ዓመቱ በአዲስ የሚለውጠው ሥራ አስኪያጅ ቀድሞውኑ ዩሮ 6 ላይ ተቀምጧል፤ በክልከላው ምልክት አጠገብ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። ብዙ ያገለገለውስ መኪና የት ይሄዳል? የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 እንዳወጣው ዘገባ፣ ከ2015 እስከ 2018 ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ወደ ውጭ ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ የሄደው ወደ አፍሪካ ነው።

ስለዚህ ወደ ደጃችን እንመለስ። በየመሥሪያ ቤቱ በር ቆመው ያየናቸው፣ ሕዝቡ ቪ8 የሚላቸው ላንድክሩዘሮች ባለ 4.5 ሊትር፣ ባለ ሁለት ተርቦ የናፍጣ ሞተር የተሸከሙ ናቸው። ለአውቶቡሱና ለጭነት መኪናው ተብሎ በድጎማ የረከሰው ናፍጣ ለቪ8ም በዚያው ዋጋ ሲቀዳ ኖሯል፤ ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻው የመለየት አሠራር የተጀመረው በ2022 አጋማሽ ነው። የቡኽሎው አውቶሞቢልና የኛ ቪ8 በመልክ አይመሳሰሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም በሥራ ሰው ስም በተሰጠ መብት የሮጡ ወንድማማቾች ናቸው።

አሁን ደግሞ ተራው የኤሌክትሪክ ሆኗል። በ2022 መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ ለማድረግ ወሰነ፤ የጉምሩክ ቀረጡን ልዩነት የለየው ተገጣጥሞ የመጣ፣ በከፊል የተገጣጠመና ተበታትኖ የመጣ በሚል ነበር። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በውኃ ኃይል ለምትተዳደር ሀገር ሐሳቡ መልካም ነው፤ አልቃወምም። የምጠይቀው የቡኽሎውን ጥያቄ ነው። የሕዝብ አውቶቡስና የአንድ ሀብታም ግዙፍ የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ በር ከገቡ፣ ዛሬም የምንሸልመው ነዳጁን እንጂ ሥራውን አይደለም። ጀርመኖች ሃያ ዓመት ሙሉ የሠሩትን ስሕተት እኛ በንጹሕ ኅሊና ልንደግመው ነው።

መብት ለሥራ ይሰጥ። ሕሙማን የሚያመላልሰው፣ ሕዝብ የሚጭነው፣ እህል የሚያደርሰው መኪና ይቅለልለት፤ ሌላው የሚሮጥበትን ዋጋ ራሱ ይክፈል። መለኪያውም መሪው በሚዞርበት፣ በእውነተኛው መንገድ ላይ ይሁን፤ አውሮፓ ራሷ ከ2017 ጀምሮ አዲስ መኪኖችን በመንገድ ላይ መለካት የጀመረችው ብዙ ሳንባ ካቃጠለች በኋላ ነው። የሚለካውም ከሻጩ ጋር ገበታ የማይቀርብ ሰው ይሁን፤ ግዙፉን ኩባንያ ያጋለጠው የዩኒቨርሲቲ ጥቂት ተመራማሪዎች ቡድን መሆኑን እኛ መምህራን ልንረሳው አይገባም።

ያን የቡኽሎ መንገድ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ያ ጨዋ ሰው ቆጣቢ ነኝ ሲል ከልቡ ነበር፤ ሕጉ ቆጣቢ ብሎታልና። ሕግ ሐሰትን እውነት ብሎ ሲጽፍ ጨዋ ሰዎች ሳያውቁት ይዋሻሉ። የኛም ሕግ አውጪዎች ቀጣዩን የታክስ ቅናሽ ከመፈረማቸው በፊት፣ በመንገዱ ዳር የቆመውን መንገደኛ አንድ ጊዜ ዞር ብለው ይዩት።

ቸር ይግጠመን።